የጥርስ ራጅ ዕዳ

ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነበር። ኖቬምበር 8 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ሲሞክር፣ ቱቦው በጥቁር ካርቶን ተሸፍኖ ሳለ፣ ራቅ ብሎ የነበረ ኬሚካል የተቀባ ወረቀት ሲያበራ አየ። ካርቶኑን ጥሶ የሚሄድ ነገር አለ ማለት ነው። ለሳምንታት ቤተ ሙከራው ውስጥ ዘግቶ ከረመ። ዲሴምበር 22 ቀን የሚስቱን የአና ቤርታን እጅ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ አነሳው፤ የጣቶቿ አጥንትና ቀለበቷ ለይተው ወጡ። ዓመቱ ሳያልቅ ግኝቱን፣ ዛሬ ራጅ የምንለውን ጨረር፣ ጽፎ አስረከበ። የፈጠራ ባለቤትነት መብት አላስመዘገበበትም፤ ማንም ይሥራበት ብሎ ለቀቀው። መሣሪያው በየዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል አስቀድሞ ስለነበረ፣ ወሬው የደረሰው ሁሉ እዚያው ተነሥቶ መሞከር ቻለ። (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ የአድዋው ብቻ ሲቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሞከሩት አንዱ የብራውንሽቫይግ ከተማ የጥርስ ሐኪም ኦቶ ዋልክሆፍ ነው። ጃንዋሪ 1896 አጋማሽ ላይ፣ ከኬሚስቱ ፍሪድሪሽ ጊዝል ጋር ሆኖ የራሱን መንጋጋ ለማንሳት ተዘጋጀ። ትንሽ የፎቶግራፍ መስታወት ብርሃን እንዳይገባው በጥቁር ወረቀት፣ ምራቅ እንዳይነካው ደግሞ የጥርስ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ስስ ጎማ ተጠቀለለ። ዋልክሆፍ ያንን አፉ ውስጥ ከትቶ ወለሉ ላይ ተጋደመ። ቱቦው ፊቱ አጠገብ ሆኖ 25 ደቂቃ ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። አፍ ውስጥ መስታወት ይዞ፣ ምራቅ ሳይውጡ፣ ሳያስሉ 25 ደቂቃ! የወጣው ምስል ደብዛዛ ነበር፤ ነገር ግን ጥርስ መሆኑ ይለያል። ሰው በሕይወት ሳለ ጥርሱ በራጅ የታየው ያን ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ወር የፍራንክፈርቱ የፊዚክስ ሊቅ ቫልተር ኮኒግ ጊዜውን ወደ 9 ደቂቃ አወረደው። ዋልክሆፍና ጊዝልም በዚያው ዓመት የጥርስና የመንጋጋ ራጅ የሚነሳበት ክፍል ከፈቱ። ጊዝል ከራጁ አልፎ የራዲየም ተመራማሪ ሆነና ዕድሜውን ከጨረር ጋር አሳለፈ። በ1927 በካንሰር ሞተ።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ ነገር ጣልቃ ይገባል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከቆሰሉት የኢጣሊያ ወታደሮች አንዳንዶቹ ወደ ኔፕልስ ተመልሰው ወታደራዊ ሆስፒታል ገቡ። በሜይ 1896 ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የሁለቱን ክንድ በራጅ አንስቶ ጥይቱ ያለበትን ቦታ አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲያገለግል የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። የራጅ ታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ጥይቱ ከማን ጠመንጃ እንደወጣ ለምናውቀው ግን አንድ አንቀጽ ብንሰጠው የሚቆጣን የለም።

አሜሪካ ውስጥ ራጅን ወደ ጥርስ ሕክምና ካስገቡት ግንባር ቀደሙ ኤድመንድ ኬልስ ነው። የኒው ኦርሊንስ ሰው፣ አዲስ መሣሪያ ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት። በ1885 በጥርስ ክሊኒክ ሴት ረዳት የቀጠረ የመጀመሪያው ሐኪም እሱ እንደሆነ ይነገርለታል፤ በዚያ ዘመን ሴት ብቻዋን ጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄዷ ያሳማ ስለነበር፣ የረዳቷ መኖር ሴቶች ያለ አጃቢ እንዲመጡ አስቻለ። በጁላይ 1896 ሰሜን ካሮላይና አሽቪል ከተማ ለተሰበሰቡ የደቡብ ግዛቶች የጥርስ ሐኪሞች ራጅ እንዴት እንደሚነሳ አሳየ። በ1899 ደግሞ መሠረቱ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ዘዴ አመጣ፤ በጥርስ ሥር ቦይ ውስጥ ቀጭን የእርሳስ ሽቦ አስገብቶ በራጅ በማንሳት ቦዩ የት እንደሚያልቅ ለካ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ የጥርስን ሥር የሚሞላው በግምት ነበር፤ ወይ ጫፉ ሳይደርስ ይቀራል፣ ወይ አልፎ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ለበሽተኛው ስቃይ ነው።

የዚያ ዘመን ቱቦ ግን ጠባዩ አይታወቅም። ውስጡ የቀረችው ጥቂት ጋዝ ስለምትለዋወጥ ጠዋት የነበረው ኃይል ከሰዓት በኋላ አይገኝም። ስለዚህ ሐኪሙ በሽተኛውን ከማንሳቱ በፊት ቱቦውን ይፈትናል፤ መፈተኛው ደግሞ የገዛ እጁ ነው። እጁን በቱቦውና ጨረር ሲነካው በሚያበራ ማያ መካከል ይዘረጋል፤ አጥንቶቹ ጥርት ብለው ሲታዩት፣ በል አሁን ደርሷል ብሎ ወደ በሽተኛው ይዞራል። ኬልስ ይህን በየቀኑ፣ ለዓመታት አደረገ። ጨረር አይሸትም፣ አይሰማም፣ ሲያርፍም አያቃጥልም። እጁም ለብዙ ዓመት ምንም አልሆነም።

አደጋውን አስቀድሞ ያየ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የጥርስ ሐኪም ነው። የቦስተኑ ዊልያም ኸርበርት ሮሊንስ በ1898 በሙከራ ላይ ሳለ እጁ ተቃጠለና ነገሩን መርምሮ ለመድረስ ቆረጠ። ያኔ ብዙዎች ቃጠሎው የሚመጣው ከጨረሩ ሳይሆን ቱቦውን ከሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ነው ይሉ ነበር። ሮሊንስ ኤሌክትሪክ እንዳይደርስባቸው አድርጎ ባዘጋጀው ሣጥን ውስጥ ጊኒ ፒጎች አስቀመጠና ጨረሩ ብቻ እንዲያገኛቸው አደረገ። በቀናት ውስጥ ሞቱ። ቆዳቸው ላይ ቃጠሎ እንኳ አልታየም። በ1901 ውጤቱን በቦስተን የሕክምና መጽሔት አሳተመ፤ ጨረሩ ራሱ ይገድላል አለ።

ዝም ብሎም አላስፈራራም፤ መፍትሔውን ዘርዝሯል። ቱቦው ጨረር በማያሳልፍ ሣጥን ይሸፈን፤ ጨረሩ የሚፈለገው ቦታ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ቀዳዳው ይጥበብ፤ በሽተኛው የማይነሳው አካሉ ይሸፈን፤ ሐኪሙም ጨረር የሚከለክል መነጽር ያድርግ። ዛሬ በየጥርስ ክሊኒኩ ያለው የጥንቃቄ ደንብ አብዛኛው ከዚህ ውስጥ አለ። የሰማው ግን ጥቂት ነው። ለምን እንዳልሰሙት መገመት አይከብድም፤ የሮሊንስ ማስረጃ የሞቱ ጊኒ ፒጎች ነበሩ፣ የሌሎቹ ማስረጃ ደግሞ ገና ጤነኛ የሚመስለው የራሳቸው እጅ ነበር።

ራጁ ጥቅም ላይ ሲውል ያልታሰበ ጉዳትም አመጣ። በ1910 ብሪታንያዊው ሐኪም ዊልያም ኸንተር ሞንትሪያል ላይ ባደረገው ንግግር የጥርስ ሐኪሞችን ክፉኛ ወቀሰ። በወርቅ ካፕና በድልድይ ሥር መግል ታቁራላችሁ፣ የብዙ በሽታ ምንጭ እሱ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ያመመው፣ ሆዱን የቆረጠው ሰው ሁሉ ጥርሱን እንዲነቅል ይታዘዝ ጀመር። ራጅ ላይ በጥርሱ ሥር ጠቆር ያለ ነገር ከታየማ አለቀ። ሐኪሙ ያዛል፣ የጥርስ ሐኪሙ ይነቅላል። በ1920 ይህን ልማድ ፊት ለፊት ከተቃወሙት አንዱ ኬልስ ራሱ ነበር። ራጁን ወደ አገሩ ክሊኒኮች ያስገባ ሰው፣ ጥላ ባያችሁ ቁጥር አትንቀሉ፣ የሐኪም ትእዛዝም ቢሆን አትቀበሉ እያለ ተሟገተ። ራጅ ሊያነበው ለሚችል ሰው እንጂ ለሁሉም እኩል አይጠቅምም፤ ይህ ዛሬም እውነት ነው።

መሣሪያው በበኩሉ እየተሻሻለ ሄደ። በ1913 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ዊልያም ኩሊጅ ኃይሉ የማይዋዥቅ ቱቦ ሠራ፤ በእጅ መፈተን ቀረ። በ1923 ቱቦውም ትራንስፎርመሩም ዘይት በሞላው አንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡበት የጥርስ ራጅ ማሽን ገበያ ላይ ዋለ። እስከዚያ ድረስ ከፍተኛ ኃይል የተሸከመ ሽቦ ልባሱ ተገፎ በበሽተኛው ራስ አጠገብ ያልፍ ነበር፤ በጊዜው ሰው ከጨረሩ ይልቅ የሚፈራው ኤሌክትሪኩን ነበር።

በ1925 ደግሞ ሃዋርድ ሬፐር አንዲት ትንሽ ነገር ፈጠረ። ለጥርስ ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹን የራጅ ትምህርቶች ከሰጡትና መጽሐፍ ከጻፉት አንዱ ነው። እስከ እሱ ድረስ ራጅ የሚነሳው ያመመው ጥርስ ነበር። ሬፐር ፊልሙ ላይ፣ ወደ ጥርሶቹ በሚዞረው ገጹ፣ እንደ ክንፍ ወጣ ያለች ወረቀት ለጠፈ፤ በሽተኛው ወረቀቷን ነክሶ አፉን ሲገጥም ፊልሙ ከጥርሶቹ ጀርባ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች አክሊል በአንድ ፊልም ላይ ይወጣሉ። ሥራዋን ለመረዳት በምላስዎ ሁለት የመንጋጋ ጥርስዎ የሚነካኩበትን ቦታ ይፈልጉ። አይደርሱበትም። የሐኪሙ መስታወትና መርፌም አይደርሱበትም። ጥርስ መበላት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ከላይ ነጭና ድፍን ሆኖ እየታየ ውስጡ ይቦረቦራል። ሲያም ነርቩ ተነክቷል። የሚነከሰው ይህ ፊልም ቀዳዳው ገና ሳያም፣ በቀላል ሙሌት በሚድንበት ጊዜ ማየት አስቻለ። ድዱ ሥር ያለው አጥንት እየሸሸ መሆኑንም ያሳያል።

ጥርሱን ላላመመው ሰው ራጅ ማንሳት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልኩንም ማወቅ ደግ ነው፤ ጥርስ ከማዕድኑ ብዙ ሳያጣ ራጅ ላይ አይታይም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋ ለጋ ቁስል ታመልጣለች።

ኬልስ ይህን ሁሉ አይቷል። እጁ ላይ ካንሰር የወጣው ጨረሩን ከጀመረ ከዓመታት በኋላ ነው። መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ እጅ፣ ቀጥሎ ክንድ እያለ ሐኪሞች እየቆረጡ ወደ ላይ ሄዱ፤ ከ30 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያ ሁሉ መሀል መጻፉንና መሟገቱን አልተወም፤ ራጅን አላማረረም። ሜይ 7 ቀን 1928 ስቃዩ ሲበዛበት ራሱን አጠፋ። በዚያው ዓመት በጁላይ ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ የራጅ ሐኪሞች ሰውን ከጨረር የሚጠብቅ ደንብ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሮሊንስ ከጻፈ 27 ዓመት ሆኖት ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት እሱም ሞተ።

በ1936 ሃምቡርግ ውስጥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ግቢ ለራጅና ለራዲየም ሰማዕታት ሐውልት ሲቆም ከ15 አገሮች የመጡ 169 ስሞች ተቀረጹበት። በሽተኞች አይደሉም፤ ሐኪሞች፣ ፊዚሲስቶች፣ ረዳቶችና ነርሶች ናቸው። የጥርስ ሐኪሞች ደግሞ ከዚያም በኋላ ፊልሙን በበሽተኛው አፍ ውስጥ በገዛ ጣታቸው ይዘው ማንሳትን ቶሎ አልተዉም፤ በዕድሜያቸው ማምሻ ጣታቸውን ያጡ ብዙ ናቸው።

ሕዝቡ ጨረርን መፍራት የጀመረው ግን ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ በኋላ ነው። ኸርማን ሙለር በ1927 በዝንብ ላይ ባደረገው ሙከራ ራጅ ዘረ መልን እንደሚለውጥ አሳይቶ ነበር፤ በ1946 ኖቤል ተሸለመበት። ያን ጊዜ ትልቁ ስጋት ካንሰር ብቻ አልነበረም፤ ጉዳቱ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል የሚለው ነው። ስለዚህ የመራቢያ አካል ይሸፈን ተባለና፣ በእርሳስ የተሠራው ከባድ ሽርጥ በየክሊኒኩ የበሽተኛውን ደረትና ሆድ ሸፈነ። በኋላ ከቦምቡ የተረፉ ከ90,000 በላይ የሁለቱ ከተሞች ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ሲጠኑ ሁለት ነገር ተገኘ። ብዙ ጨረር ባገኛቸው ላይ ካንሰር በዝቷል፤ በልጆቻቸው ላይ ግን የተፈራው የዘር ጉዳት ጨምሮ አልታየም። ሽርጡ የመጣበት ምክንያት በዚህ ሁኔታ እየመነመነ ሄደ፤ ሽርጡ ግን ቆየ።

በዚህ መካከል ጨረሩን በእርግጥ የቀነሰው ሽርጥ ሳይሆን ፊልሙ ነው። በ1955፣ በ1981 እና በ2000 በየተራ የወጡት ፊልሞች እያንዳንዳቸው ካለፈው ባነሰ ጨረር ምስል ያወጣሉ። ፊንላንዳዊው ኢርዮ ፓቴሮ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንጋጋውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ምስል የሚያሳየውን ማሽን አዳበረ፤ አጥንት ውስጥ ተሰውሮ የሚቀረው የጥበብ ጥርስ ከነሥሩ ይታይበታል። በ1987 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሙዌን ፊልሙን በኤሌክትሮኒክ መቀበያ ተክቶ ምስሉን ወዲያው ስክሪን ላይ አሳየ። የዋልክሆፍ 25 ደቂቃ የሰከንድ ስባሪ ሆነ።

ምን ያህል እንደቀነሰ በቁጥር ያሳየው በ2008 በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣው የጆን ሉድሎውና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። አፉን ሙሉ በአሮጌው ፊልምና በክብ ቱቦ የተነሳ ሰው 388 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ያገኛል፤ ያንኑ በፈጣን ፊልም ወይም በዲጂታል ሰሌዳ፣ በአራት ማዕዘን ቱቦ የተነሳ ግን ወደ 35 ብቻ። የሬፐር ዓይነት አራት ምስሎች ደግሞ ወደ 5። ማንም ሰው ከመሬት፣ ከሰማይ፣ ከምግቡና ከሚተነፍሰው አየር በዓመት በአማካይ ወደ 2,400 ማይክሮሲቨርት ያገኛል፤ በቀን ከ6 በላይ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ከሰማይ የሚወርደው ከባሕር ጠረፍ ነዋሪው ይበዛበታል። አራቱ የጥርስ ራጆች እንግዲህ የአንድ ቀን ኑሮ እንኳ አይሞሉም። መንጋጋን በሦስት ገጽ የሚያሳየው አዲሱ ማሽን ግን ሌላ ነው፤ እንደ ዓይነቱና እንደ አነሳሱ ከአሥርት እስከ ብዙ መቶዎች ሊደርስ ይችላል፤ ጥርስ ለማስተከልና ለመሳሰለው እንጂ ለተራ ምርመራ አይነሳም።

በ2012 የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ኤሊዛቤት ክላውስና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት እንደገና ሰዉን አስደነገጠ። በአንጎል ሽፋን ላይ የሚወጣ ሜኒንጂዮማ የሚባል ዕጢ ያለባቸውን 1,433 ሰዎች ከሌላቸው ጋር አነጻጽረው፣ ሕሙማኑ የጥርስ ራጅ ብዙ ተነሥተናል ብለው መናገራቸውን አገኙ። ችግሩ ‘ብለው መናገራቸው’ ላይ ነው። ከ30 ዓመት በፊት ስንት ራጅ እንደተነሱ ማን ያስታውሳል? ዕጢ የወጣበት ሰው ደግሞ ምክንያት ፍለጋ ትዝታውን አብዝቶ ይቆፍራል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሰዎቹ የተነሱት ጨረሩ ከዛሬው በበዛበት ዘመን መሆኑን አልሸሸጉም። ጥናቱን ከንቱ ነው ብዬ አልጥለውም፤ ዛሬ የሚነሳውን ሰው የሚያስፈራበት ምክንያት ግን አላየሁበትም።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ከመንግሥት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጋር ያወጣው መመሪያ ይበልጥ ሊነበብ የሚገባው ነው። ሐኪሙ አፍ ከፍቶ ሳያይ፣ ታሪክ ሳይጠይቅ ራጅ አይታዘዝም ይላል። ጥርሱ ደህና የሆነና ለመበላት የማያሰጋ አዋቂ የሬፐሩን ራጅ በ24 እስከ 36 ወር አንዴ ቢነሳ ይበቃዋል፤ ጥርሱ በየጊዜው የሚበላበት አዋቂ በ6 እስከ 18 ወር፣ ሕፃን ከሆነ በ6 እስከ 12 ወር። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ኢንሹራንሱ ስለሚከፍል ብቻ በየዓመቱ የሚነሱት ራጅ እንግዲህ ለሁሉም አያስፈልግም፤ ለምን እንደሚነሱ መጠየቅ መብታቸው ነው። አገር ቤት ያለው ነገር ተቃራኒ ነው። ብዙው ሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ካመመው በኋላ ነውና፣ እሱ የሚጎዳው ራጅ በመብዛቱ ሳይሆን ባለመነሳቱ ነው።

በፌብሩዋሪ 2024 ማኅበሩ ሌላ ምክር አወጣ። የእርሳስ ሽርጥና የአንገት መሸፈኛ ከእንግዲህ አያስፈልጉም፤ እርጉዝም ትሁን ሕፃን። ጨረሩ በጠበበ ቀዳዳ ወደ ጥርሱ ብቻ ሲሄድ ሆድ ላይ የሚደርሰው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ መሸፈኛው ደግሞ አንዳንዴ ምስሉ ውስጥ ገብቶ እንደገና መነሳት ያመጣል። ብዙ በሽተኞች ይህን አልወደዱትም፤ የለመዱት ክብደት ከደረታቸው ሲነሳ ጥንቃቄውም አብሮ የተነሳ መሰላቸው።

የዚያው ምክር ሌላው ክፍል ግን ብዙም አልተወራለትም። ፊልሙ ወይም መቀበያው ወደ 3 በ4 ሴንቲሜትር ነው። ክቡ ቱቦ ፊት ላይ የሚያሳርፈው ጨረር ግን ስፋቱ እስከ 7 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ሁለት ሦስተኛው ያህል ምንም ምስል ሳያወጣ ጉንጭ ውስጥ ያልፋል። አፉ አራት ማዕዘን የሆነ ቱቦ ይህን ትርፍ ይቆርጠዋል፤ ዋጋውም የሚከብድ አይደለም። ሐኪሞች የሚሸሹት ትንሽ ካዘነበለ የምስሉ ጠርዝ ተቆርጦ ስለሚወጣ ነው። መቀበያውንና ቱቦውን የሚያገጣጥም ቀለበት ያለው መያዣ ካለ ግን ያ ችግር ይቀላል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ስለ ሽርጡ ከመጠየቅዎ በፊት የቱቦውን አፍ ይመልከቱ።